ወንድም በወንድሙ ላይ ሲተኩስ እንዴት ይሣላል? የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና ሠዓሊዎቹ

የጦርነት ሥዕል የቆየ ወግ አለው። ጄኔራሉ ፈረስ ላይ ነው፣ ሰይፉን መዟል፣ ጠላት ከኮቴው ሥር ወድቋል፣ ባንዲራው ከኋላ ይውለበለባል። የአውሮፓ ቤተ መንግሥቶች እንዲህ ያለ ሸራ ሞልቷቸዋል። ይህ አሣሣል የሚያስኬደው ግን ጠላት ከሌላ አገር ሲመጣ ነው። የሚጋደሉት የአንድ አገር ልጆች ሲሆኑ ወጉ ይሰበራል። ከኮቴው ሥር ማንን ታስተኛላችሁ? አብሯችሁ የተማረውን? የአጎታችሁን ልጅ? ጦርነቱ ሲያልቅ ጎረቤታችሁ ሆኖ የሚኖረውን ሰው?

ሠዓሊዎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት ለማየት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጥሩ ምሳሌ ነው። የተካሄደው ከ1861 እስከ 1865 ነው፤ ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የደቡብ ግዛቶች ባርነት እንዳይነካባቸው ብለው ተገነጠሉ። ሰሜኑ መጀመሪያ የተዋጋው አገር እንዳይከፈል ብሎ ነበር፣ እያደር ግን ጦርነቱ ባርነትን የማጥፋት ጦርነት ሆነ። ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው የሟቾች ቁጥር 620,000 ገደማ ነው፣ ከዚያም ይበልጣል የሚሉ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ። 4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከባርነት ወጡ።

ይህን ያህል ደም የፈሰሰበት አገር በግዙፍ የውጊያ ሥዕሎች ይሞላል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። በጊዜው ከነበሩት ታላላቅ አሜሪካውያን ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ግን ውጊያውን ፊት ለፊት አልሣሉትም። በጎን ነው የሄዱበት። እኔ እስከማምነው ከዚህ ጦርነት የወጡት እውነተኛ ሥዕሎችም እነዚሁ ናቸው፣ ከተኩሱ በፊትና ከተኩሱ በኋላ ሰው ምን እንደሚሆን ያዩት። ውጊያውን በትልቁ የሣሉት ሸራዎች በብዛት የመጡት ከ20 ዓመት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ትውስታ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ሆኗል።

ዜናው በእርሳስ ሲመጣ

ከቅብ ሥዕሉ በፊት ጋዜጣውን እንይ። ፎቶግራፍ በዚያ ዘመን ነበረ። ግን ፎቶ አንሺው ምስሉ የሚያርፍበትን መስታወት ኬሚካል ቀብቶ፣ እርጥብ እንዳለ አንስቶ፣ ወዲያው ማጠብ ነበረበት። ብርሃኑን ለመያዝም ሰከንዶች ይፈጃል፣ ስለዚህ የሚጋልብ ፈረስና የሚሮጥ ወታደር መስታወቱ ላይ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው የዚያ ጦርነት ፎቶዎች ወይ ተደርድረው የቆሙ ወታደሮች ወይ ሬሳ የሆኑት። በዚያ ላይ ፎቶን በቀጥታ ጋዜጣ ላይ ማተም ገና አልተጀመረም።

ስለዚህ ሳምንታዊ ጋዜጦቹ ሠዓሊ ወደ ግንባር ላኩ። «ሃርፐርስ ዊክሊ» እና «ፍራንክ ሌስሊስ ኢሉስትሬትድ ኒውስፔፐር» የሚባሉት ሁለት የኒው ዮርክ ጋዜጦች ዋነኞቹ ናቸው። ሠዓሊው ከጦሩ ጋር ይጓዛል፣ ከጦሩ ጋር ያድራል፣ በሽታውም ጥይቱም እንደማንኛውም ወታደር ያገኘዋል። በጣም የታወቀው አልፍሬድ ዋውድ ነው፣ እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ሰው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዋውድና ጓደኞቹ በጥድፊያ ይነድፋሉ፣ ለዝርዝሩ ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ጠርዙ ላይ ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ እዚህ ጋ ዛፍ፣ እዚያ መድፍ፣ እያለ ይቀጥላል። ወረቀቱ ኒው ዮርክ ሲደርስ ሌላ ሰው ግራውን ቀኝ አድርጎ በጠንካራ እንጨት ላይ ይገለብጠዋል። እንጨቱ ከብዙ ትናንሽ ቁራጮች በብሎን የተገጣጠመ ነው። ይፈታል፣ ለቀራጮች ይከፋፈላል፣ አንዱ ሰማዩን ሌላው ፈረሱን ሌላው ፊቱን ይቀርጻል። ከዚያ መልሶ ይገጠምና ለማተሚያ ይዘጋጃል። ከግንባር ተነስቶ አንባቢ እጅ እስኪገባ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል።

በዚህ መንገድ ላይ ሥዕሉ ይለወጣል። በእርሳሱ ንድፍ ላይ የተንቀጠቀጠ መስመር የነበረው ሰው ሕትመቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ወታደር ይሆናል። ባዶው ቦታ ይሞላል። ቀራጩ ግንባር አልሄደም፣ የሚያውቀው የጦርነት ሥዕል ያንኑ የድሮውን ወግ ነው፣ እጁም ወደዚያው ይስበዋል። የአንባቢው ሆድ እንዳይረበሽ ብሎ የሚያለዝብ አዘጋጅም አለ።

ለዚህ ነው ከዋውድ ሥራዎች ሁሉ አንዱ በተለይ ልቤ ውስጥ የቀረው። በግንቦት 1864 ቨርጂኒያ ውስጥ ዊልደርነስ በሚባል ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ሁለቱ ጦሮች ተፋለሙ። ጫካው በተኩሱ ተቀጣጠለ። መራመድ ያልቻሉ ቁስለኞች እሳቱ ውስጥ ቀሩ። ዋውድ የሣለው ጥቂት ወታደሮች ቁስለኛ ተሸክመው ከእሳቱ ሲያወጡ ነው። ማን አሸነፈ የሚለው ነገር ሥዕሉ ውስጥ የለም። ጠላት እንኳን የለም። እሳትና ሰው ብቻ ነው ያለው። «ሃርፐርስ» በሰኔ ወር አሳተመው።

ዛፍ ላይ የተቀመጠው ተኳሽ

ዊንዝሎ ሆመር ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት ነው። ቦስተን ውስጥ ሊቶግራፍ፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም ሥዕል፣ በሚሠራ ማተሚያ ቤት ሠልጥኖ ለ«ሃርፐርስ» ይሠራ ነበር፣ ጋዜጣውም ወደ ሰሜኑ የፖቶማክ ጦር ላከው። በኅዳር 1862 የታተመለት ሥዕል ላይ አንድ አነጣጥሮ ተኳሽ ጥድ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ በመነጽር በተገጠመለት ጠመንጃ ያነጣጥራል። በዓመቱ ይህንኑ በዘይት ቀለም ሣለው፣ ከመጀመሪያዎቹ የቅብ ሥዕሎቹ አንዱ ነው፣ አሁን ሜይን ግዛት ፖርትላንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ሥዕሉን አስተውሉት። ሊሞት ያለው ሰው አይታይም። ከክፈፉ ውጭ ነው። ምናልባት ውኃ እየቀዳ ነው፣ ምናልባት ደብዳቤ እየጻፈ ነው፣ አናውቅም። እኛ ተመልካቾቹ ከገዳዩ ጋር ዛፉ ላይ ተቀምጠናል። ጀግንነት የሚባለው ነገር እዚህ ምን ቦታ አለው? ሆመር ራሱ በ1896 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ መነጽር አንድ ጊዜ አሻግሮ አይቶ እንደነበር ይናገራል። ያየውንም በትንሹ ነድፎ አሳይቷል፤ መስቀለኛው ምልክት ያረፈበት አንድ ወታደር። በሠራዊት ውስጥ ለነፍስ ግድያ የዚህን ያህል የቀረበ ነገር እንደማያውቅ ነው የጻፈው። ከ30 ዓመት በላይ አልፎም አልለቀቀውም።

በዚያው ጋዜጣ ቶማስ ናስት የሚሠራው ሌላ ነው። ናስት ካርቱኒስት ነው፣ ወገኑን አይደብቅም። በመስከረም 1864 ከደቡቡ ጋር እንደራደር የሚሉ ሰዎች በበረቱበት ሰዓት አንድ ሥዕል አወጣ። እግሩን ያጣ የሰሜን ወታደር አንገቱን ደፍቶ የደቡቡን ሰው ይጨብጣል፣ የደቡቡ ሰው የሞቱትን ወታደሮች መቃብር በጫማው ረግጧል፣ በሴት የተመሰለችው አገር ተንበርክካ ታለቅሳለች፣ ከኋላ በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ቤተሰብ አለ። የሰሜኑ ፕሬዝዳንት የአብርሃም ሊንከን ደጋፊዎች ለምርጫ ዘመቻ ተጠቀሙበት። ስሜትን ለማነሳሳት የተሠራ ነው፣ አነሳሳም። ፕሮፓጋንዳ ነው ብዬ ግን አላልፈውም፣ ምክንያቱም ድርድሩ በማን ኪሳራ እንደሚሆን ከብዙ የፓርላማ ንግግር በላይ በግልጽ አሳይቷል።

ሰማዩ ሲጠቁር

የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎቹ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። የጦርነቱ መጀመሪያ የሆነው የፎርት ሰምተር ምሽግ በሚያዝያ 1861 ሲደበደብ ፍሬድሪክ ቸርች ትንሽ ሥዕል ሣለ። የንጋት ሰማይ ነው። ቀዩና ነጩ ደመና የባንዲራው መስመሮች ሆኗል፣ በሰማያዊው ክፍተት ከዋክብት ይታያሉ፣ ቅጠል ያጣ ዛፍ የባንዲራ ዘንግ ሆኖ ቆሟል። በሕትመት ተባዝቶ ብዙ ቤት ገባ። እንደ ሥዕል ትንሽ ይጮኽብኛል፣ የዚያን ሳምንት ስሜት ግን እንደዚህ የያዘ ብዙ የለም።

ሳንፎርድ ጊፎርድ ራሱ ዘምቷል፣ በኒው ዮርክ 7ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ነበረ። በ1863 የሣለው «የሚመጣ ማዕበል» ጸጥ ያለ ሐይቅና የመከር ዛፎች ያሉበት ነው፣ ከላይ ግን ጥቁር ደመና እየወረደ ነው። ወታደር የለበትም። የሥዕሉ ባለቤት ታዋቂው የመድረክ ተዋናይ ኤድዊን ቡዝ ነበር። በ1865 ጸደይ ኒው ዮርክ ላይ ለዕይታ ቀረበ። በዚያው ሚያዝያ የኤድዊን ወንድም ጆን ዊልክስ ቡዝ ፕሬዝዳንት ሊንከንን ተኩሶ ገደለ። ሥዕሉ ሥር የባለቤቱን ስም ያነበበ ሰው ደመናውን እንዴት እንዳየው መገመት አያቅትም። ሠዓሊው ያላሰበውን ትርጉም ጦርነቱ ጨመረበት።

ጦርነቱ ስለማን ነበር?

እስካሁን ካልኩት ሁሉ ይህኛው ይበልጣል። ጦርነቱ የተነሳው በባርነት ምክንያት ነው። በባርነት የነበሩት ሰዎች ሥዕሎቹ ውስጥ የት ናቸው? ብዙ ጊዜ የሉም። ሲኖሩም ጥግ ላይ ተንበርክከው ነጻ አውጪያቸውን ሲያመሰግኑ ነው።

ከዚህ የሚለዩ ጥቂት ሥራዎች አሉ። ኢስትማን ጆንሰን በመጋቢት 1862 ቨርጂኒያ ውስጥ ማናሰስ አጠገብ በዓይኑ ያየሁት ነው ብሎ የሣለው አንዱ ነው። ባልና ሚስት ልጃቸውን መሃል አድርገው በአንድ ፈረስ ይጋልባሉ። ሊነጋ ነው። አባት ወደፊት ያያል፣ እናት ወደኋላ ትመለከታለች። ሌላ ማንም የለም። ነጻ የሚያወጣቸው ወታደር የለም፣ እጁን የዘረጋላቸው የለም። ራሳቸውን እያወጡ ነው። በዚያ ዘመን ይህን መሣል ቀላል አልነበረም። ሥዕሉ አሁን ብሩክሊን ሙዚየም አለ።

ሐምሌ 4 ቀን 1863 ደግሞ «ሃርፐርስ» ጎርደን ብሎ የጠራውን ሰው ሦስት ምስሎች አወጣ። በአንዱ ከሉዊዚያና አምልጦ የመጣ ሰው ቡትቶ ለብሶ ተቀምጧል። በሁለተኛው ጀርባው ይታያል፣ የጅራፍ ጠባሳው እንደ ሥር ተጠላልፏል። በሦስተኛው የሰሜኑን ጦር ዩኒፎርም ለብሷል። ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው ወይ የሚለውን ዛሬ ተመራማሪዎች ይጠራጠሩታል። ጋዜጣው ታሪክ ለመሥራት ሳያገጣጥማቸው አልቀረም። ጠባሳው ግን እውነት ነው፣ ከፎቶግራፍ ተገልብጦ የተቀረጸ ነው፣ ብዙ የሰሜን አንባቢም ባርነት ሰው ገላ ላይ ምን እንደሚያደርግ ያየው በዚህ ነው። በጦርነቱ ማብቂያ 180,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች በሰሜኑ ጦር ተሰልፈዋል። ፊላደልፊያ አጠገብ ለሠለጠኑት ክፍለ ጦሮች ባንዲራ የሣለላቸው ዴቪድ ባስቲል ባውዘር የሚባል ጥቁር ሠዓሊ ነበር፣ በአንዱ ባንዲራ ላይ ሰው መሆናችንን እናስመሰክራለን የሚል ቃል ተጽፏል።

ሆመርም እዚህ ይመለሳል። ጦርነቱ እንዳለቀ የሣለው «አንደርሰንቪል አጠገብ» የሚባል ሥዕል አለ፣ ኒውዋርክ ሙዚየም ውስጥ። አንደርሰንቪል ጆርጂያ ውስጥ የነበረ የደቡቡ የምርኮኞች እስር ቤት ነው፣ ወደ 13,000 የሰሜን ወታደሮች አልቀውበታል። ሆመር ግን ከፊት ያቆማት አንዲት ጥቁር ሴት ናት። የቤቷ ደፍ ላይ ቆማለች። ምርኮኞቹ ከኋላ፣ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ሆነው ወደ እስር ይነዳሉ። እነሱ ቢያሸንፉ ነጻ ትወጣ ነበር። አሁን ሲወሰዱ እያየች ነው። ፊቷ ላይ ልቅሶ የለም። እያሰበች ነው። የጦርነቱን ምክንያት ከፊት፣ ጦርነቱን ከኋላ ያደረገ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላውቅም።

ባልዲው

ደቡቡ ወረቀት፣ ቀለም፣ የእንጨት ቀራጭ ሁሉ አጥሮት ነበር። ኮንራድ ዋይዝ ቻፕማን የሚባለው ወታደር ሠዓሊ የቻርልስተንን ምሽጎች በትናንሽ ሥዕሎች መዝግቧል፣ ጥንቃቄ ያለባቸው ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ሕዝቡን የያዘው ግን ሌላ ነው። በ1864 ዊልያም ዋሺንግተን «የላታኔ ቀብር» የሚባለውን ሣለ። የሞተውን የደቡብ መኮንን ሴቶች ይቀብሩታል፣ ቄስ ስለሌለ ጸሎቱን የምታደርሰው ሴት ናት፣ በባርነት የያዟቸው ሰዎች መቃብሩን ቆፍረው በአክብሮት ቆመዋል። በደቡቡ ዋና ከተማ በሪችመንድ ለሕዝብ ሲታይ ለጦሩ መዋጮ መሰብሰቢያ ባልዲ ከሥሩ ተቀምጦ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1868 በሕትመት ተባዛና በደቡብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

አካፋ ይዞ የቆመው ሰው ለምን እንዲህ ታማኝ ሆኖ ተሣለ? ሥዕሉ የሚለው ባርነት የፍቅር ቤት ነበር፣ ባሪያው ለጌታው አልቅሷል ነው። ሐሰት ነው። በዚያው ሰዓት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሰሜኑ ጦር እያመለጡ ነበር። ሥዕሉ ግን ያምራል፣ ሐዘኑም የእውነት ሐዘን ነው፣ አደገኛ ያደረገውም እሱ ነው።

የቀለም ለውጥ

ጦርነቱ ሲያልቅ ሆመር ሁለት ነገር ሣለ። በ1865 አንድ ተመላሽ ወታደር ጀርባውን ሰጥቶ ስንዴ ያጭዳል፣ የወታደር ኮቱና ኮዳው መሬት ላይ ተጥለዋል። ሰላም መጣ ትላላችሁ፣ ከዚያ የያዘውን ማጭድ ታያላችሁ፣ ሞት በሥዕል ሲመሰል የሚይዘው ዓይነት ረጅም ማጭድ ነው። ሆመር መጀመሪያ የዘመኑን ባለ ብዙ ጣት ማጭድ ሥሎ በኋላ በላዩ ቀብቶ ነው ያቃለለው፣ አሻራው አሁንም ይታያል። አስቦበት ነው ማለት ነው። በ1866 ደግሞ «ከግንባር የመጡ ምርኮኞች» ወጣ። አንድ የሰሜን ጄኔራል ሦስት ምርኮኞች ፊት ቆሟል፤ አንዱ ኩሩ ወጣት፣ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ግራ የገባው ጎረምሳ። ሰይፍ የመዘዘ የለም። ይተያያሉ። ከዚህ በኋላ አብረው መኖር አለባቸው፣ እንዴት እንደሚሆን ግን ማናቸውም አያውቁም። ሁለቱም ሥዕሎች ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አሉ።

ከዚያ 1880ዎቹ መጡ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት ክብ ሥዕል ፋሽን ሆነ፣ ተመልካቹ መሃል ይቆማል፣ ሸራው ዙሪያውን ይከበዋል። ፈረንሳዊው ፖል ፊሊፖቶ የጌቲስበርግን ውጊያ በዚህ መልክ ሣለው፣ ዛሬ በውጊያው ቦታ ላይ የሚታየው ቅጂ ዙሪያው 115 ሜትር ገደማ ነው። ሌላው የአትላንታ ውጊያ ነው። ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ ከጀርመን የመጡ ሠዓሊዎች ነበሩ የሠሩት፣ 1886 ላይ ለዕይታ በቃ፣ የተሠራው ለሰሜን ገበያ ስለሆነ የሰሜኑን ድል ያሳያል። በ1892 አትላንታ ገባ። የደቡብ ከተማ የራሷን ሽንፈት ለማየት ቲኬት ትገዛለች? አዲሱ ባለቤት መላ አገኘ። በተማረኩት የደቡብ ወታደሮች ግራጫ ልብስ ላይ ሰማያዊ ተቀባ። በአንድ ብሩሽ ምርኮኛው የደቡብ ሰው የሚሸሽ የሰሜን ወታደር ሆነ። ሥዕሉም የደቡብ ድል ተብሎ ተዋወቀ። ቀለሙ ወደ ግራጫ የተመለሰው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ከ2019 ጀምሮ ሸራውን የሚያሳየው የአትላንታ ታሪክ ማዕከል ይህን ለውጥ ሳይደብቅ ይተርካል፣ ትክክለኛ ሥራ ነው።

በዘመናችን ጥቁር አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ካራ ዎከር በ2005 አንድ የድሮ የ«ሃርፐርስ» የጦርነት ሥዕሎች ስብስብ ወሰደች። ምስሎቹን አጎላችና በላያቸው የጥቁር ሰዎችን ጥላ በጥቁር ቀለም አተመች። አንዳንዱ ጥላ ጄኔራሉን ይሸፍነዋል፣ አንዳንዱ ከክፈፉ ይወጣል። የድሮው ሕትመት ከሥር ይነበባል፣ ግን ሳይቸግራችሁ ልታዩት አትችሉም። ሥዕሎቹ 15 ናቸው፣ አንዳንዶቹን ለማየት ልብ ይጠይቃል።

ማየት ለምትፈልጉ፣ የዋውድ ንድፎች የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ፣ የሆመርን ሁለቱን ሥዕሎችም የሜትሮፖሊታን ድረ ገጽ በጥሩ ጥራት ያሳያል። በዊልደርነስ እሳት ጀምሩ። የእርሳሱን ንድፍና የጋዜጣውን ሕትመት ጎን ለጎን ክፈቱና ቀራጩ የቱን መስመር እንዳስተካከለ ፈልጉ።